የክረምቱ ቲኬት

ቲኬቱን የገዛነው በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ነው። የምንበረው ደግሞ በነሐሴ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ። ዛሬ ይህ ማንንም አይገርምም። ያኔ ግን በአስመራው ሰፈራችን በዓባ ሻውል ጠባብ መንገዶች መካከል፣ ከመንፈቅ በላይ ቀድሞ የጉዞ ቲኬት ቆርጦ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቻችን «እስከዚያ ማን ያውቃል ማን ይኖራል» እያሉ ያሾፉብን ነበር። እናቴም አብራቸው ትስቅ ነበር።

እናቴ አንድ ወንድም ነበራት፣ ታላቋ ነው። አባቴ የሞተው እኔ ገና በእግሬ ሳልሄድ ነው፤ ያነሳን ይህ ወንድሟ ነው። መደበር በሚባለው የቀጥቃጮች ግቢ ውስጥ በርሜል እየቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ይሠራ ነበር፤ እኔን ያስተማረኝ በዚያ መዶሻ ነው። የእናት ወንድም በትግርኛ ኣኮ ይባላል። እኔ «ኣኮይ» ስለው የሰሙ ሁሉ አባቴ ይመስላቸው ነበር፣ እኔም አላርማቸውም። ጣሊያኖቹ እየሸጡ ሲሄዱና የመደበር ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እናቴ አላየችውም።

በአውቶቡስ ሦስት ቀን ነው፤ እናቴ ደግሞ ከመኪና ጋር አትስማማም። ከዓባ ሻውል ተነስታ ሁለተኛው ፌርማታ ሳትደርስ መሀረቧን አፏ ላይ ትይዛለች። በዚያ ላይ መንገዱ ፍተሻው የበዛበት፣ የሄደ ሰው ደርሷል እስኪባል የሚያሳስብበት ዘመን ነበር። የቀረው አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ደግሞ በዚያ ጊዜ የሹማምንትና የመኮንኖች ሚስቶች መጓጓዣ እንጂ የእኛ አልነበረም።

እኔ በአንድ ጣሊያናዊ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ደረሰኝ ጸሐፊ ነበርኩ። አማርኛ ስለምጽፍ ነው የተቀጠርኩት፤ ትግርኛ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ የተማርኩ ልጅ ነኝ፣ ይህንንም የምጽፈው መጻፍ በተማርኩበት ቋንቋ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ዋናው መንገድ ላይ ባለው የአየር መንገድ ቢሮ መስታወት ላይ «የክረምት ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሰተት ብዬ ገባሁ። ከግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ከሸዋ የመጣ፣ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር።

«እህቴ፣ በክረምት ተጓዥ ስለሌለ ነው» አለኝ። «ደርሶ መልስ ከሆነና ከፋሲካ በፊት ከተከፈለ በጣም ይረክሳል። ግን ቀኑ አይነካም። የቀረ ቀረ ነው።»

በማግስቱ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በኔ በኩል ጥያቄዋን ታወርድበት ጀመር። እሱ ቢታመምስ? እኛ ብንታመምስ? ዝናብ ቢጥልስ?

«ዝናቡ የኛ ኃላፊነት ነው፤ በሽታው የናንተ» አለ ሰውዬው።

ስተረጉምላት ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ተመለስን። ዕቁቤ ወጥቶልኝ ነበር። በዚያ ገንዘብ እናቴ ብቻዋን በሙሉ ዋጋ ለፋሲካ መሄድ ትችላለች፤ ወይም ሁለታችንም በክረምት። እኔ ለፋሲካ ሂጂ አልኳት። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ሰውዬውን ሳይሆን ፎቶግራፉን እያየች አሰበች።

«አንቺን ሳያይ እኔን ብቻ ቢያይ ምን ደስታ አለው?» አለችኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አብረን እንሄዳለን።»

ቀኑ አይነካም መባሉን እናቴ እንደ ክልከላ አላየችውም። ለእሷ እንደ ሠርግ ቀን ነበር። «ቀን ተቆርጧል» እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ለኣኮይም በተጓዥ መልእክት ላክንለት፤ እሱም ከጋራዡ ባለቤት የዚያን ሳምንት ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቄያለሁ ብሎ መለሰ። እኔም የዓመት ፈቃዴን በዚያው ቀን አስያዝኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የዕረፍት ጉዞ ነው። ለጉዞው አረንጓዴ ቀሚስ አሰፋሁ፤ አዲስ አበባ ገብቼ በኣኮይ ክንድ ተይዤ መንገድ ለመንገድ ስዞር ይታየኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ በብስክሌቱ ፊት ላይ አስቀምጦ አውሮፕላን ሲያርፍ ያሳየኝ ነበር፤ አሁን እኔ ከላይ ልመጣለት ነው እያልኩ እደሰታለሁ።

ስልኩ የመጣው በሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀትር በፊት ነው። አለቃዬ ከመስታወት ክፍሉ ሆኖ «ሲኞሪና! አዲስ አበባ!» ብሎ ጮኸ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል። የኣኮይ ትልቁ ልጅ ነበር።

«አባዬ አረፈ» አለ። «ልቡ ነው፣ ሥራ ላይ እያለ። ትናንት ቀበርነው። ስሚኝ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሽማግሌዎች መክረውበት ነው። እዚያ ከሰማች ቤት ዘግታ ትቀመጣለች፣ አውሮፕላንም አትሳፈርም፣ መቃብሩንም ሳታይ ትቀራለች። በቲኬታችሁ ቀን ይዘሻት ነይ፤ ከአርባው በፊት ትደርሳላችሁ። እዚሁ እናረዳታለን።»

«እሺ» አልኩ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ። አለቃዬ ቀና ብሎ «ቱቶ ቤነ?» አለኝ። «ቱቶ ቤነ» አልኩት። ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። ወደ ወንበሬ ተመልሼ ጀምሬው የነበረውን የፍሬን ሸራ ደረሰኝ ጨረስኩ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል። ሰውዬው ገና ሳይሰማ ሰው ከቦት ይቀመጣል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ከኋላው፣ አብሮት የሚያለቅስ ከጎኑ፣ ቃሉን የሚናገር ትልቅ ሰው ከፊቱ ይሆናል። ማንም ሰው መርዶ ለብቻው አይሰማም፤ ጠላት እንኳ አይሰማም። ለእናቴ ይህ ሁሉ አዲስ አበባ እየተዘጋጀላት ነበር። ለእኔስ ማን ያረዳኛል ብዬ አላሰብኩም፤ አንድ ሰው ማወቅ ነበረበት፣ ቲኬቶቹ ደግሞ በኔ እጅ ነበሩ።

ምንም አልተሰማኝም። ለማሳመር ብዬ አይደለም እንዲህ የምለው። ምሳዬን በላሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ጎማ ተከራከርኩ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ የአዲስ ጫማዋን ሶል በቢላ እየፋቀች ነበር፤ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳያንሸራትታት ነው። «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። አላመነችኝም ይሆናል፣ ግን አልጠየቀችኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ቲኬት ቢሮ ሄድኩ። ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ራት መብላት ከበደኝ፣ ቀኑን ያቀርብልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

«አይነካም ብዬሽ አልነበረም?» አለኝ ባለ ቅባቱ። «ዛሬ መሄድ ከፈለግሽ ሌላ በሙሉ ዋጋ ግዢ። ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?»

«የለም። እንዲሁ ቸኩለን ነው።»

«ጉዞ ሲጠበቅ ነው የሚጥመው» አለና ሳቀ።

አመስግኜው ወጣሁ። ደግሞስ ቀኑ ቢቀርብ ለእናቴ ምን ብዬ ልነግራት ነበር? የሞተ ሰው አይቸኩልም አልኩ ለራሴ። ቃሉ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ቃል ነበር የተሰማኝ።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ በየማለዳው እንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ስትመለስም ነጠላዋን እያጠፈች «ዛሬም ለሱ ጤና ለመንኩ» ትለኛለች። በየቀኑ። አንድ ቀን ንዴት ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ገነፈለብኝ።

«ሌላ የምትለምኚው የለሽም?» አልኳት።

«እወ፣ አለኝ፤ ላንቺም ለምኛለሁ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አለችና ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ ባልዲውን ከእጇ ተቀበልኳት። የሚያስለቅስ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ባልዲው እስኪሞላ ቆምኩ።

ለአውሮፕላን የሻንጣ ክብደት የተወሰነ ነው። እናቴ ይህን ካወቀች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ሽሮ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ለኣኮይ ቤት ሕፃናት የሠራችው ሹራብ አለ፤ ለኣኮይ ደግሞ ሞቅ ያለ ጋቢ። ሁሉንም አጭቀን፣ ሻንጣውን ለሁለት ይዘን መደበር ካለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ልናስመዝን ሄድን። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ግቢው ውስጥ ስንገባ ግን አንዱ ሠራተኛ አየንና መዶሻውን አወረደ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። መደበር ጸጥ ብሎ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬው ደርሷቸዋል። ከአዲስ አበባ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከነሱ ዘንድ ነው ዕቃ የሚያሠሩት። ደንግጬ እናቴን አየኋት፤ እሷ በደስታ ዙሪያዋን ሰላም እያለች ነበር።

ኣኮይ እንደ ወንድም የሚያየው የሥራ ባልደረባው፣ ሽማግሌ ቀጥቃጭ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አላት።

«ምን ላድርስልህ?» አለችው።

ሰውዬው ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ አልወጣውም። ተመልሶ ገባና አንዲት ትንሽ የከሰል ምድጃ ይዞ ወጣ። «ለሱ ነው» አለ። «እጀታው እሱ በሚሠራበት መንገድ ነው የተሠራው፣ ይታወቀዋል።»

እናቴ «ምድጃ ለሠሪው ይላካል?» ብላ ሳቀች። ግን ምድጃዋን ተቀብላ እንደ ሕፃን ታቀፈቻት። ሚዛኑ ላይ ስንጨምራት ሻንጣው ከልክ አለፈ። እናቴ አንዴም ሳታመነታ የራሷን ቀሚስና ሹራብ አውጥታ በኔ ክንድ ላይ ጣለችና ምድጃዋን በቦታው አስገባች። ቀጥቃጩ ዓይኑን ከኔ አሸሸ። እኛ ከግቢው ወጥተን እስክንርቅ መዶሻ አልተነሳም።

«እንዴት ያከብሩታል፣ አየሽ?» አለችኝ እናቴ መንገድ ላይ።

አየሁ አልኳት።

በመጨረሻው ቀን በለስ ገዛች። እሾኹን በሳር እየጠረገች አንድ ቅርጫት ሞላች። አዲስ አበባም በለስ አይጠፋም ብላት «የእኛን አይሆንም» አለችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ቅርጫቱን ከጭኗ አላወረደችም። አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ ሌላ ብለብስ ትጠረጥራለች። በመስኮቱ ደመናውን ቁልቁል አይታ «ዝናቡ ከሥራችን ነው እንዴ?» አለች፣ ከዚያ ክንዴን ይዛ ጸለየች፣ ከዚያ ተኛች። የምታንኮራፋው እናቴ ናት፣ ከጎኗ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ይኼ የመጀመሪያ ዕረፍቴ ነው እያልኩ አንድ በአንድ ለራሴ እነግረው ነበር።

የኣኮይ ልጅ ብቻውን ነበር የጠበቀን። ጥቁሩን አውልቆ ግራጫ ኮት ለብሷል። ልጅ ለአባቱ አርባው ሳይወጣ ጺሙን አይላጭም፤ እሱ ግን ያን ቀን ጠዋት ተላጭቶ ነበር። ጺሙ የነበረበት ቆዳ ከቀረው ፊቱ ይነጣ ነበር። እናቴ ጉንጩን እየደጋገመች ሳመችው።

«ከስተሃል። አባትህስ?»

«ኣሞይ፣ አክስቴ፣ እሱ ጠበል ገብቷል። ነገ ይመጣል።»

እናቴ ቅርጫቷን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ጠበል ከገባማ ደግ ነው» አለች።

ቤት ስንደርስ ሁሉም የቀለም ልብስ ለብሰው ነበር። የኣኮይ ሚስት ግን የለችም፤ ራሷን ተላጭታ ስለነበር ጎረቤት ደብቀዋት፣ «ልጇ ዘንድ ሄዳለች» አሉን። እናቴ ብዙ አልጠየቀችም። በለሱ እስከ ነገ እንዳይበላሽ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋ ዘፈዘፈችው፤ ትልልቆቹን ለብቻ ለየች።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ። እኔ ከእናቴ ጀርባ እንድቆም፣ ስትወድቅ እንድይዛት ማታውኑ ተነግሮኝ ነበር። ሽማግሌው ስለ ሰው ልጅ መንገደኛነት ትንሽ ተናገረና ቃሉን ተናገረ። እናቴ መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ ያለውን በለስ አየች።

«መዓስ?» አለች። መቼ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ መጣ።

ወገቧን ይዣት ነበር። ሰውነቷ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ደረቷን ስትመታ፣ ሴቶቹ አብረዋት ሲጮኹ እኔ ዓይኔ ደርቆ ቆሜ ነበር። በውስጤ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከኋላዬ አንዷ «ልጅቷ ምነው አንዲት ጠብታ አጣች?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ያስመራ ሰው ኩሩ ነው» ብላ ተከላከለችልኝ።

የዓመት ፈቃዴ እንዲህ አለቀ። መቃብሩን አየን፣ አርባውን አወጣን። በለሱን ልጆቹ በሉት። ከመደበር በመጣችው ምድጃ የተዝካሩን ሻሂ አፈላንባት፣ የኣኮይ ሚስት እጀታዋን እየዳሰሰች ታለቅስ ነበር። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ እንግዳ እሸኛለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት ተባልኩ።

የመመለሻውም ቀን አይነካም ነበር። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ተላጭታ፣ በዚያው በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ደመናው ውስጥ ስንገባ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ለፋሲካ ብቻዬን ብመጣ ኖሮ አገኘው ነበር።»

የወረደውን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስኩላት።

«አብረን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ይህን እንዳትሸከሚው።» ቀጥላም «አንቺ መቼ ሰማሽ?» አለችኝ።

«በሐምሌ። ሥራ ቦታ በስልክ።»

«ማን ነበር አብሮሽ?»

«ማንም።»

«ከዚያስ?»

«ደረሰኝ ጻፍኩ።»

ዞራ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ይኼን ሁሉ ቀን በእንዳ ማርያም ስትለምን ከጎኗ ዝም ብዬ መኖሬን እያሰበች መሰለኝና ቁጣዋን ጠበቅሁ። ቁጣ አልመጣም። እጄን ወስዳ ጭኗ ላይ፣ ስንሄድ ቅርጫቱ የነበረበት ላይ አስቀመጠችው፤ አስመራ እስክናርፍ አልለቀቀችኝም።

ያን ዕለት ዓባ ሻውል ከእናቴ ጋር አለቀሰ። ቤቱ እስከ ደጁ ሞላ፣ እኔ ሻሂ ሳድል ዋልኩ። ማታ እናቴ ለጎረቤቶቻችን በሹክሹክታ ስታወራ አየኋት፤ ስለ ተዝካር ወጪ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰችኝ። «ነጠላሽን ልበሺና ነዪ» አለችኝ። ወጣ ስል ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቶቻችን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከመደበር ሽማግሌው ቀጥቃጭ ጥምጣሙን አስሮ መጥቷል። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ለቅሶ ሊደርሷት ነው ብዬ ለእናቴ መቀመጫ ሳስጠጋ ከእጄ ቀማችኝ።

«አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እናቴ ከኋላዬ ዞራ ተንበረከከችና ወገቤን በሁለት እጇ ያዘችኝ። አንዷ ጎረቤት ከቀኝ፣ ሌላዋ ከግራ ተጠጉኝ። ቀጥቃጩ ከፊቴ ቆመ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች በየተራ አየኋቸው፤ ሁሉም የሚያውቁትን፣ እኔም እንደማውቅ የሚያውቁትን ነገር ሊነግሩኝ መጥተዋል።

«ጓለይ» አለኝ ሽማግሌው፣ ድምፁ በዚህ ጊዜ ወጣለት፤ «ኣኮኺ ዓሪፉ።»

የእናቴ እጆች ወገቤ ላይ ጠበቁ።

«መዓስ?» አልኩ።